«እሺ» ያላለችው ወይዘሮ፦ የአን ክሊፈርድን የዕለት ማስታወሻ ካነበብን በኋላ

ከክርክሩ እንጀምር። የንባብ ክበባችን ቀጣይ መጽሐፍ የአን ክሊፈርድ የዕለት ማስታወሻ መሆኑ በተነገረ ዕለት አንድ ጓደኛችን ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፣ «የባላባት ሴት የርስት ሙግት እኛን ምን አገባን? እሷ ብትረታ ግንቡ የሷ፣ አጎቷ ቢረታ የአጎቷ፤ አራሹ እንደሆነ ያው አራሽ ነው» አለ። ተሳቀና ታለፈ። ይኸን ጽሑፍ አዘጋጁ የተባልነው ሦስታችን ግን መጽሐፉን ተቀባብለን ስናነብ ጥያቄው እንደ እሾኽ ተሰክቶብን ቆየ። ስለዚህ ይኸ ጽሑፍ ባንድ በኩል ሂስ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ለዚያ ጓደኛችን የዘገየ መልስ ነው። መልሱ እሱን ሙሉ በሙሉ ደስ አያሰኘውም፤ ለነገሩ እኛንም አላሰኘንም።

ሴትዮዋን ለማያውቃት ባጭሩ። አን ክሊፈርድ በ1590 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሰሜን እንግሊዝ ስኪፕተን በተባለው ግንብ ተወለደች። አባቷ ጆርጅ ክሊፈርድ የከምበርላንድ ኧርል ነበር፤ በፈረስ ጦር ጨዋታ የንግሥት ኤልሳቤጥ ጀግና ተብሎ የተሰየመ፣ በባሕር ላይ ደግሞ በንግሥቲቱ ፈቃድ የእስፓኝን መርከብ የሚዘርፍ ሰው። ፈቃድ ስላለው ወንበዴ አይባልም። በ1598 ፖርቶ ሪኮ ድረስ ዘልቆ ሳን ሁዋንን ይዟል። ከባሕሩ ይዞት የተመለሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዕዳ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቹ በሕፃንነታቸው ሞቱበት። በ1605 እሱም ሲሞት የቀረችው የ15 ዓመቷ አን ብቻ ነበረች። ኑዛዜው ሲከፈት ርስቱ ሁሉ ለወንድሙ ለፍራንሲስ ተሰጥቷል፤ ለልጁ 15,000 ፓውንድ።

እዚህ ላይ ስለ ማዕረጉ ትንሽ ማስረዳት አለብን፤ ካልሆነ ሙግቱ አይገባም። በኛ አገር ራስነትና ደጃዝማችነት በሹመት የሚገኝ እንጂ እንደ ርስት ከአባት የሚወረስ አልነበረም። በእንግሊዝ ግን ማዕረግ ራሱ ርስት ነው፤ ይወረሳል፣ ይካሰሱበታል። የባላባት ሴቶች አብዛኞቹ ማዕረግ የሚያገኙት ከባላቸው ነው፤ የኧርል ሚስት ካውንተስ ትባላለች፣ በቃ። የከምበርላንድ ኧርልነትም ለወንድ ብቻ የሚወርድ ስለሆነ አጎቷ ወሰደው። ነገር ግን ቤተሰቡ ከዚህ የቀደመ፣ ከ1299 የመጣ ሌላ ማዕረግ ነበረው፤ የክሊፈርድ ባሮንነት። ይኸኛው ወንድ ልጅ ከሌለ ለሴት ልጅ ሊወርድ የሚችል ነው። ስለ መሬቱም ከንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛ ዘመን የቆየ ሰነድ ነበር፤ ርስቱ ወንድም ትሁን ሴት ለሥጋ ወራሽ ይተላለፍ የሚል። አባትየው በኑዛዜው የረገጠው ይኸንን ሰነድ ነው። መርገጥ ይችል ነበር ወይ? ወደ 40 ዓመት ገደማ የፈጀው ነገር የተነሣው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ሙግቱን የጀመረችው እናቷ ማርጋሬት ናት። የጥንት ሰነዶችን ከየመዝገብ ቤቱ አስፈልጋ አስገለበጠች። ልጅቱ በ1609 የዶርሴት ኧርል ለሆነው ለሪቻርድ ሳክቪል ተዳረች። ወጣት ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ልብስና ቁማር ይወዳል። ሩቅ ሰሜን ያለ ድንጋይና በግ ምን ያደርግለታል? ጥሬ ገንዘብ ነው የሚፈልገው። አጎቷ ደግሞ ሙግቱን በገንዘብ ሊዘጋ ዝግጁ ነው። ንጉሡ ጄምስም እንዲያልቅ ይፈልጋል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአን «እሺ»። ማስታወሻው የሚጀምረው እንግዲህ ሁሉም ይኸን «እሺ» ሲጠብቅ ነው።

የደረሰን የ1616፣ የ1617ና የ1619 ማስታወሻ ነው፤ የ1618ቱ የለም። በገዛ እጇ የጻፈችውም ጠፍቷል፤ የምናነበው ግልባጩን ነው። ከዚህ ሌላ ስለ 1603 የጻፈችው አጭር ትዝታ አለ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሞታ ጄምስ ከስኮትላንድ የመጣበት ዓመት፣ አን የ13 ዓመት ልጅ ሳለች። እዚያ ውስጥ ስለ አዲሱ ቤተ መንግሥት የምትሰጠው አስተያየት አንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የቤተ መንግሥቱ ወግ ከንግሥቲቱ ዘመን መለወጡን አየን፣ ከአንድ መኰንን ክፍል ተቀምጠን ቅማል ይዘን ወጣን ትላለች። እንግዲህ ሌላ ጸሐፊ ስለ ዘመን መለወጥ ስንት ገጽ ያለቅስ ነበር!

ከመካከላችን አንዱ መጽሐፉን ገና 20 ገጽ ሳያነብ «ደረቅ ነው» ብሎ መልሶት ነበር። እውነቱን ነው፣ ደረቅ ነው። እገሌ መጣ፤ ከእገሊት ጋር ካርታ ተጫወትኩ፤ ጌታዬ ወደ ለንደን ሄደ፤ ልጅቱን ንዳድ ያዛት፤ ማታ ሞንቴኝ ተነበበልኝ። ስሜት የሚባል ነገር በማንኪያ ነው የሚገኘው። ሁለተኛ ጊዜ ስናነበው ግን አንድ ነገር ገባን፤ ይኸ የልብ ማፍሰሻ ደብተር አይደለም፣ የምስክር ቃል ነው። በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ እገሌና እገሌ ባሉበት፣ እንዲህ ተባልኩ፣ እንዲህ መለስኩ። ሙግት በሚወደድበት አገር ያደገ ሰው ይኸን ዜማ በጆሮው ያውቀዋል። ባለጉዳይ ዳኛ ፊት ሲቆም ስለ ኀዘኑ ብዙ አያወራም፤ ቀኑን፣ ቦታውንና እማኙን ይጠራል። አን ዳኛ አልነበራትም። ዳኛው ንጉሡ ነው፣ ንጉሡ ደግሞ ከባላጋራዋ ጋር ነው። ስለዚህ ቃሏን ለደብተሯ ሰጠች። ድርቀቱ ጉድለት ሳይሆን የጽሑፉ አጥንት ነው እንላለን።

የጃንዋሪ 1617ን ገጾች ለምሳሌ እንውሰድ። ወደ ንጉሡ ከመቅረቧ በፊት ንግሥቲቱ እንደምትረዳት ትነግራታለች፤ ነገሩን ሁሉ ለንጉሡ አደራ እንዳትሰጥ፣ ሊያታልላት እንደሚችል ታስጠነቅቃታለች። የገዛ ሚስቱ ናት ይኸን የምትለው! አን ይኸን ጽፋ አንድ የመገረም ቃል ሳትጨምር ታልፋለች። ከዚያ እሷና ባሏ በንጉሡ ወንበር አጠገብ ተንበርክከዋል። ንጉሡ ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጥቶ ነገሩን በሙሉ በእጁ እንዲጥሉ ይለምናቸዋል፤ አዎ፣ መለመን ነው የሚመስለው። ባል እሺ ይላል። እሷ ይቅርታ ጠይቃ በሕይወት እስካለች ድረስ በምንም ውል ከዌስትሞርላንድ እንደማትለይ ትናገራለች። ንጉሡ አንዴ በመልካም፣ አንዴ በክፉ ያናግራታል፤ እሷ ያው ናት። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ትጠራለች፤ አሁን ዳኞቹ አሉ፣ ጠበቆቹ አሉ፣ አጎቷና የአጎቷ ልጅ አሉ። ሁሉም በንጉሡ ፍርድ እንደሚያድሩ ይናገራሉ። እሷ ብቻ አልስማማም ትላለች። ንጉሡ ይቈጣል። ባልየው በአደባባይ ውርደት እንዳይደርስባት ፈርቶ በሩ እንዲከፈትና እንድትወጣ ያደርጋል። ያወጣት ሰው እንኳ ኮሪደሩ ላይ እባክሽ ለንጉሡ እሺ በይ እያለ ነው የሚሄደው።

በዚያ ክፍል የነበረችው ሴት 26 ዓመቷ ነው፤ ከ27 ዓመቷ ጥቂት ቀን ሲቀራት። በዚያ አዳራሽ ከጎኗ የቆመ አንድ ሰው አልነበረም። እኛ ብንሆን ኖሮ ስለዚያች ሰዓት ምን ያህል እንጽፍ ነበር! እሷ አታጌጥበትም። ወዲያው በሚከተሉት ገጾች የልጅቱ ንዳድ ስንተኛ ጊዜ እንደተነሣባት ይቈጠራል። ንጉሥና ንዳድ ባንድ ዓይነት ቀለም፣ ባንድ ዓይነት ድምፅ ተጽፈዋል። እዚህ ላይ ነው ደብተሩ ሥነ ጽሑፍ የሚሆነው ብለን የምናምነው። «እምቢ» ማለት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአደባባይ ትርዒት አይደለም፤ ነገም ከቁርስ በኋላ የሚደገም፣ ከነገ ወዲያም የሚደገም የቤት ሥራ ነው። በማርች ንጉሡ ያለ እሷ ፈቃድ ፈረደ፤ ርስቱ ለአጎትየውና ለወንድ ዘሩ፣ ለባልየው ገንዘብ፣ የአጎትየው ወንድ ዘር ከጠፋ ብቻ ለአን። እሷ ፍርዱን አልተቀበለችም።

የልጅቱ ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በሜይ 1616 ባልየው ልጅቱ ወደ እሱ ትላክ ብሎ ይጽፋል። ማርጋሬት ትባላለች፤ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ለምን እንደተፈለገች ግልጽ ነው፤ መያዣ ናት። አን ታለቅሳለች፣ መጻፏም ያለወትሮዋ ነው፣ ግን ትልካታለች። ብትከለክል ለልጅቱም ለራሷም የባሰ እንደሚሆን አስባ እንደሆነ ትናገራለች። በዚያው ወር እናቷ ሞተች። ርስቱን እንደሆነ አልለቀቀችም። ይኸን ያነበበ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ልጅን ሰጥቶ መሬትን የሚይዝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኛም ሦስታችን በዚህ ተጣልተን ነበር። አንደኛዋ «ልጅቱን መከልከል አትችልም ነበር፣ ሕጉ የአባት ነው፤ በእጇ የነበረው ፊርማዋ ብቻ ነው» ትላለች። ሌላው «ፊርማውን ብትሰጥ ልጅቱ ትመለስላት ነበር፤ ስለዚህ መርጣለች» ይላል። ደብተሩ ከሁለቱም ጋር አይወግንም። የልጅቱን የመጀመሪያ ጥብቅ ቀሚስ፣ ንዳዷን፣ መሄድ መመለሷን ይመዘግባል፤ ምርጫ ነው የሚል ቃል የለበትም። በዚያ ሰሞን ራሷን ከመዝሙረ ዳዊት በምድረ በዳ ካለችው ጕጕት ጋር ታመሳስላለች። እሷ ምሳሌ የምትናገረው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲመጣም እንዲህ ከዳዊት ተውሳ ነው።

ባልየውን ግን ጭራቅ አድርጎ የሚያነብ ሰው ደብተሩን አላነበበውም። ዶሮ ማፋለም፣ ኳስ ማንከባለል፣ የፈረስ እሽቅድምድም ያሳብደዋል፤ ገንዘቡ በእጁ አይቆይም። ሆኖም ደግ የሆነበትን ቀን አን ትጽፍለታለች፤ ወደ ክፍሏ የመጣበትን ሌሊት ትጽፋለች፣ ያልመጣበትንም። ቄሱ ብሉይ ኪዳንን አብሯት እንዲያነብ ፈቅዶ ኋላ የቄሱን ጥናት ያደናቅፋል ብሎ ያስቀረባትን ጊዜ ትጽፋለች። እሷ ግን ማንበቧን አልተወችም፤ ያሳደጋት ባለቅኔው ሳሙኤል ዳንኤል ነው፣ በ1620 ለኤድመንድ ስፔንሰር በዌስትሚንስተር ሐውልት ያቆመችውም እሷ ናት። የውጭ አገር ቋንቋ እንዳትማር አባቷ ከልክሎ ነበርና ሞንቴኝንና ኦቪድን የምታውቀው በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ትርጉም ለምን ይጠቅማል የሚሉ ጓደኞቻችን ይኸን ልብ ይበሉልን።

አሁን ወደ አንድ ቅሬታችን እንለፍ። አን ክሊፈርድን ሳያነቡ የሚያውቋት ሰዎች የሚያውቋት ባንድ አነጋገር ነው። በ1668 ጆሴፍ ዊልያምሰን የተባለ የንጉሡ ባለሥልጣን የአፕልቢን የምክር ቤት ወንበር ሲመኝ፣ አሮጊቷ መለሰች የሚባለው ቃል አለ፤ አንድ ቀማኛ ገዢ አስጨንቆኛል፣ ቤተ መንግሥት ችላ ብሎኛል፣ ዜጋ ግን አያዘኝም፣ ያንተ ሰው አይመረጥም የሚል ይዘት ያለው። ሦስት አጫጭር ዱላ። ይኸ ቃል በየመጽሐፉ፣ በየንግግሩ ይጠቀሳል። ነገር ግን በኅትመት የወጣው በ1753 ነው፣ ያወጣውም ሆረስ ዋልፖል፤ እሷ ከሞተች 77 ዓመት በኋላ። የእሷ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይጠራጠራሉ። እኛ ደግሞ የሊቃውንቱ ማስረጃ ባይኖር እንኳ ማስታወሻውን ያነበበ ሰው ባፍንጫው ያውቀዋል እንላለን። አን እንዲህ አትናገርም! ስለ ወንበሩ የጻፈቻቸው እውነተኛ ደብዳቤዎች ረጅም፣ ትሑት፣ ይቅርታ የበዛባቸው ናቸው፤ ለልጅ ልጆቼ ቃል ገብቻለሁና አዝናለሁ የሚሉ። ወንበሩንም የወሰደው የልጅ ልጇ ቶማስ ታፍተን ነው። ሰው ግን ትሕትናውን ትቶ ዱላውን ወደደ። ጀግና ስንፈልግ በጀግናው አፍ የኛን ቃል እናስገባለን። የሷ ጕልበት ግን የተሳለ ቃል ውስጥ አልነበረም፤ ያንኑ ነገር በትሕትና እየደገሙ ባለመሰልቸት ውስጥ ነበር። ይኸን ለመድረክ ማብቃት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ነው ሐሰተኛው ቃል ያሸነፈው።

የቀረውን ታሪክ ፈጠን ብለን እንለፈው። ዶርሴት በ1624 ሞተ። በ1630 የፔምብሮክን ኧርል አገባች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተለያይተው ኖሩ። ኖልና ዊልተን፣ የሁለቱ ባሎቿ ባለ እብነ በረድ ቤቶች፣ ያጌጡ የጭንቀት ማደሪያዎች ሆነውባት እንደነበር ኋላ ጽፋለች። አጎቷ በ1641፣ የአጎቷ ልጅ በ1643 ወንድ ወራሽ ሳይተው ሞቱ። ርስቱ ወደ እሷ መጣ፤ 38 ዓመት ከጠበቀችው በኋላ፣ ያውም በፍርድ ሳይሆን በሞት። የርስ በርስ ጦርነት ስለነበር ወደ ሰሜን የወጣችው በ1649 ነው፣ በ59 ዓመቷ። ስኪፕተንን፣ አፕልቢን፣ ብሩምን፣ ብራፍን፣ ፔንድራገንን አሳደሰች፤ አብያተ ክርስቲያናት ጠገነች፤ በአፕልቢ የመበለቶች ቤት ሠራች፣ ቤቱ ዛሬም አለ። በየግንቡ ላይ ስሟንና ማዕረጎቿን አስቀረጸች፤ ከኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ስለ ፈረሰው ጠጋኝ የሚናገረውን ቍጥር 12 እንድናነብ እየጠቆመች። የዌስትሞርላንድ ሸሪፍነትም በውርስ የሷ ነበር። የባሮንነቱን ነገር የጌቶች ምክር ቤት ለዘሮቿ የወሰነው በ1691 ነው፤ ከሞተች 15 ዓመት በኋላ።

በ1646 ያሣለችው ትልቅ ሥዕል አለ፤ በሦስት የተከፈለ። ዛሬ የሚገኘው ኬንዳል በተባለች ከተማ ነው። በመካከል እናትና አባቷ ከሁለቱ የሞቱ ወንድሞቿ ጋር፤ በግራ እሷ በ15 ዓመቷ፣ ርስቷን ባጣችበት ጊዜ፤ በቀኝ በ56 ዓመቷ፣ ካገኘችው በኋላ። በመካከል ያሉት 41 ዓመታት፣ ሁለቱ ባሎችና ልጆቿ፣ ከሥዕሉ ወጥተዋል፤ ባሎቿ በቀኝ በኩል ግድግዳ ላይ ትንንሽ ምስል ሆነው ተሰቅለዋል። በግራ መጻሕፍቷ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ በቀኝ ያሉት ተዛንፈዋል፣ ተገልጠው ያደሩ ይመስላሉ። ውሻና ድመትም አሉ። ሥዕሉን እኛ ያየነው በፎቶግራፍ ነው፤ ባይሆንም ከዕለት ማስታወሻው አጠገብ ስናስቀምጠው ሥዕሉ ያንሳል። ለሙግት ሲሳል እንዲህ ነው፤ ሁሉ ነገር ማስረጃ ይሆንና ሰውየው ይጠፋል። ደብተሩም ለሙግት ነው የተጻፈው ብለናል፤ ነገር ግን በየቀኑ ስለሚጻፍ ንዳዱ፣ ካርታው፣ ያልመጣው ባል ሳይጠሩት ይገባሉ።

ከዚህ በኋላ ወደ ጓደኛችን ጥያቄ መመለስ ግድ ነው። አራሹስ?

ርስቷን ከያዘች በኋላ በ1650ዎቹ አን ክሊፈርድ ከዌስትሞርላንድ ጭሰኞቿ ጋር ስለ ግብርና ስለ መዋጮ ለዓመታት ተካሰሰች። አገሩ በጦርነት ተጎድቷል፤ ጭሰኞቹ የቆየ ልማድ አለን ይላሉ፤ እሷ የቆየ ሰነድ አለኝ ትላለች። ሰነድ ማስገልበጥ ከእናቷ የተማረችው ሙያ ነው፤ የቤተሰቧን ማስረጃ ሁሉ በሦስት ታላላቅ ጥራዞች አስጽፋ ነበር። ያው መሣሪያ ወደ ታች ሲዞር ታየ። አንድ ጭሰኛ በየዓመቱ የሚገባውን አንዲት ዶሮ አልሰጥም ቢላት፣ በብዙ ገንዘብ ከሳ ረታችውና ዶሮዋን አብረው ተካፍለው በሉ የሚል ወግ አለ። እንግሊዞች ይኸን እየሳቁ ነው የሚያወሩት። ወጉ እውነት ይሁን ፈጠራ እኛ አልሳቅንም። ዶሮዋን የበሉት ሁለት ናቸው፣ ያሳደጋት ግን አንዱ ነው።

ፍትሓዊ ለመሆን፣ ለድኾች ትሰጥ ነበር። ከእናቷ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ በተለያዩበት መንገድ ዳር፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1616 በቆሙበት ስፍራ፣ ዓምድ አቁማ በየዓመቱ በዚያ ቀን ለብሩም ድኾች 4 ፓውንድ እንዲታደል አዝዛለች። ዓምዱን እንወደዋለን፤ ከግንቦቿ ሁሉ እሱ ይበልጥብናል። ብሩምና ፔንድራገን ዛሬ ፍርስራሽ ናቸው። ነገር ግን ምጽዋት የሚሰጠው ስማቸው ለማይጻፍ ሰዎች ነው። ስለ ራሷ ሙግት ስትጽፍ እገሌና እገሌ ባሉበት እያለች እማኝ የምትቈጥር ብዕር፣ ከጭሰኞቿ ጋር ስላደረገችው ሙግት ስትጽፍ ጭሰኞቹን በጅምላ ትጠራቸዋለች። አንዱ እንኳ ተንበርክኮ የተናገረው ቃል የለም። እሷ በንጉሡ ፊት የተናገረችውን ቃል ለኛ ያቆየችልን ራሷ ስለጻፈችው ነው፤ በሷ ፊት የቆመው ሰው የተናገረውን ግን የሚጽፍለት አልነበረም። የጽሑፏ ታላቁ ጕድለት ይኸ ነው ብለን እናምናለን፤ የጠባይ ብቻ ሳይሆን የጥበብ ጕድለት። እንደዚያ አጥርታ መስማት የምትችል ጆሮ ወደ አንድ ወገን ብቻ ተከፍታለች። ስለዚህ ጓደኛችን ስለ አራሹ የተናገረው ልክ ነው። ልክ ያልሆነው «እኛን ምን አገባን» ያለው ነው። በንጉሥ፣ በሊቀ ጳጳስ፣ በባልና በዘመድ ፊት ብቻውን የሚቆም ሰው ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ማወቅ እንፈልጋለን፤ ያን ካወቅን የማን ቃል እንዳልተጻፈ ማየት እንችላለን።

ስለ አሳታሚዋ ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አልሆነልንም። ማስታወሻውን በ1923 ያሳተመችው ቪታ ሳክቪል-ዌስት የተወለደችው በዚያው በኖል ነው፤ አን «እሺ» በይ እየተባለች በኖረችበት ቤት። አባቷ በ1928 ሲሞት ብቸኛ ልጁ እሷ ሆና ሳለ ቤቱና ማዕረጉ ለአጎቷ ሄዱ፤ ሴት ናትና። አንዱ ታሪክ 300 ዓመት ያህል ቆይቶ በዚያው ጣሪያ ሥር ተደገመ፤ ያውም የመጀመሪያውን በእጇ ገልብጣ ባሳተመች ሴት ላይ። በዚያው ዓመት ወዳጇ ቨርጂኒያ ዉልፍ «ኦርላንዶ»ን አወጣች፤ ከወንድነት ወደ ሴትነት ስለሚለወጥና በእንዲህ ያለ ቤት ዘመን ከዘመን ስለሚኖር ሰው። ቪታ ቤቱን አጣች፣ ልብ ወለዱ መልሶ ሰጣት ይባላል። አን ብትሰማ ሳትስቅ አትቀርም፤ እሷ ለኖል ግድ አልነበራትም።

በመጨረሻዎቹ የ1676 ወራት የተጻፈው ደብተር ከሁሉም ልዩ ነው። 86 ዓመቷ ነው፣ ብሩም ግንብ ውስጥ ከክፍሏ ብዙም አትወጣም። የቀብር ስብከቷን የሰበከው ጳጳስ ሬንቦው እንደሚነግረን ከመጻሕፍት የወደደቻቸውን ቃላት በወረቀት አስጽፋ በግድግዳውና በአልጋ መጋረጃዋ ላይ ታሰካቸው ነበር። በየቀኑ ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተከፈለ ትጽፋለች። ጥፍሯን መቍረጧን ትጽፋለች። ከዚያ ደግሞ፣ በዚህ ቀን ከ60 ዓመት በፊት እንዲህ ሆኖ ነበር ትላለች፤ ንጉሡ፣ ሊቀ ጳጳሱ፣ ከእናቷ የተለያየችበት መንገድ። ቂም ነው እንዳንል ቍጣ የለበትም። መዝገቡን የማትዘጋ ባለጉዳይ ናት። ማርች 21 ከክፍሏ አለመውጣቷን አስጻፈች፤ ማርች 22 ሞተች፤ አባቷ በተወለደበትና እናቷ በሞተችበት ክፍል።

ለሚቀጥለው እትም ከማስታወሻው ጥቂት ገጽ ተርጕመን ልናቀርብ አስበን ነበር። አልጨረስንም፤ ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። አን ባሏን ሁልጊዜ በማዕረጉ ነው የምትጠራው፤ ልጇን ሲወስድባትም፣ ከንጉሡ ፊት ሲያስወጣትም። ባንዳችን ትርጉም «ጌታዬ ልጅቱን ላኪ ብሎ ጻፈ» ይላል። ሌላው «ጌታዬ ልጅቱን ላኪ ብለው ጻፉ» ካልሆነ የዘመኑ ወይዘሮ አትመስልም ይላል። ሦስተኛዋ በ«ጻፉ» ከተጻፈ ቁጣዋ ይጠፋል፣ በ«ጻፈ» ከተጻፈም ያልነበረ ቁጣ ይጨመራል ትላለች። የጃንዋሪ 1617ን ገጾች በሁለቱም አድርገን ጽፈናቸዋል፤ ማንበብ የሚፈልግ ከኛ ዘንድ ያገኛቸዋል።